ምሳ በአሲናራ

በሰርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ስቲንቲኖ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ሙቀቱ ሲመጣ ወደቧ በጎብኚ ይሞላል። አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው ማዶ ያለውን ደሴት፣ አሲናራን፣ አይቶ ማታ ለመመለስ ነው። የግል መኪና ይዞ መግባት ስለማይቻል ጀልባውንም፣ ጂፑንም፣ ምሳውንም የሚያሰናዱት አስጎብኚዎች ናቸው። ጨመር አድርጎ የሚከፍል ሰው ደግሞ ከማያውቀው ሰላሳ ሰው ጋር ሳይታጨቅ ለራሱና ለቤተሰቡ ብቻ የሚሆን አስጎብኚ ይመደብለታል። የሚቀርብለት ነገር የታወቀ ነው፤ ነጫጭ አህዮች፣ ሰማያዊ ባሕር፣ የማፊያ አለቃ የታሰረበት ክፍል፣ የበግ አይብና ወይን ጠጅ።

መልካም ነው፤ ይህም አይጠላም። ለኢትዮጵያዊ ግን፣ በተለይ ሮም ወይም ሚላኖ ተቀምጦ የክረምት እረፍቱን የት እንደሚያሳልፍ ለሚያወጣና ለሚያወርድ ወገን፣ ይህችን ደሴት የምመክርበት ምክንያት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937፣ በእኛ አቆጣጠር በ1929፣ ከኢትዮጵያ ወደ ጣሊያን ከተጋዙት አራት መቶ ከሚጠጉ ሰዎች ብዙዎቹ የታሰሩት እዚህ ነው። መኳንንት ነበሩባቸው፣ የተማሩ ወጣቶች ነበሩባቸው፣ ሴቶችና ልጆችም ነበሩባቸው። የሄዱት ለሽርሽር አልነበረም፤ የመመለሻ ቀናቸውንም የሚነግራቸው አልነበረም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካላመለከትኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ደሴቷ ጥቂት። ስፋቷ 52 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገቧ ላይ የተሰበረች ትመስላለች። ከፍተኛው ጉብታ 408 ሜትር ነው፤ እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ኮረብታ ለመባልም ያንሳል። ስሟ ለጆሮ «አህያ አህያ» ይላል፤ በጣሊያንኛ አህያ «አሲኖ» ነውና። የስም አጥኚዎቹ ግን ነገሩ ከአህያ ጋር አይገናኝም፣ «ሲኑዋሪያ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፣ ጥምዝምዝ ማለት ነው ይላሉ። የሆነ ሆኖ አህዮቹ አሉ። ትንንሽ ናቸው፤ ቆዳቸው የነጣው በዘር በወረሱት የቀለም ጉድለት ስለሆነ ዐይናቸው ፀሐይ አይችልም። ጎብኚው ካሜራውን ይዞ ሲሯሯጥላቸው ይውላል። በዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ አህያ የበዛበት አገር የለም። መርካቶ ላይ በአህያ እየተገፋ ያደገ ሰው አህያ ለማየት ባሕር ተሻግሮ ገንዘብ ከፈለ ቢባል እናቱ ምን ትለው ነበር?

ከስቲንቲኖ የሚነሳው ጀልባ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ፎርኔሊ በሚባለው የደሴቷ ደቡብ ጫፍ ያደርሳል። እዚያ መጀመሪያ የሚታየው ግንብ ነው። የጣሊያን መንግሥት በ1970ዎቹ ቀይ ብርጌዶች የሚባሉትን ታጣቂዎች፣ በኋላም የማፊያ ሰዎችን ያጎረበት ከባድ ወህኒ ነው። አስጎብኚዎች እዚህ ላይ ወሬ አያልቅባቸውም፣ አይፈረድባቸውምም። በ1979 እስረኞች አምጸውበታል፤ በ1986 ማቴዮ ቦኤ የተባለ ሰርዲኒያዊ አምልጦበታል። ቶቶ ሪና የተባለው የኮዛ ኖስትራ አለቃ በ1993 ከተያዘ በኋላ በደሴቷ ሌላ ጫፍ፣ ካላ ዶሊቫ በተባለው መንደር፣ ለብቻው ተቆልፎበት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሁለቱ ሲሲሊያውያን ዳኞች ታሪክ ነው። በ1985 ጆቫኒ ፋልኮኔና ፓኦሎ ቦርሰሊኖ በማፊያ ላይ የሚያቀርቡትን ግዙፍ ክስ ሲያዘጋጁ ሊገደሉ ነው የሚል ወሬ መጣ። መንግሥት ሁለቱንም ከነቤተሰባቸው አንስቶ ካላ ዶሊቫ አስቀመጣቸው። እስረኛው ከግንቡ ውስጥ፣ ዳኛው ከግንቡ ውጭ፣ ሁለቱም በአንድ ደሴት ተዘግቶባቸው ማለት ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ መንግሥት ምን አደረገ? የመኝታና የምግብ ሂሳብ ጠየቃቸው! በ1992 ሁለቱም በቦምብ ተገደሉ። ይህን ሲሰሙ ቢሮክራሲ ከኛ አገር ብቻ የበቀለ የሚመስለው ሰው ትንሽ ይጽናናል።

ወህኒው የተዘጋው ደሴቷ በ1997 ብሔራዊ ፓርክ ስትባል ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ሊገባበት ያልተፈቀደለት መሬት ስለሆነ ዛፉም፣ አውሬውም፣ የባሕሩ ዳርቻም ሳይነካ ቆየ። ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየውን ውበት የጠበቀው ዘበኛ ነው።

ወደ ምሳው ልምጣ፤ ምሳው ራሱ ታሪክ ነውና።

ጎብኚው ከሚቀርብለት ሁሉ ቀድሞ እጁ የሚገባው «ካራሳው» የሚባለው ቂጣ ነው። እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ሲቆርሱት ይንኮሻኮሻል። ሊጡ በክብ ተዳምጦ እሳት ሲያገኘው እንደ ፊኛ ይነፋል፤ የነፋው በቢላዋ ለሁለት ይሰነጠቅና እያንዳንዱ ገጽ እንደገና ምድጃ ይገባል። ሁለተኛው መጋገር ውኃውን ስለሚጨርሰው ሳይሻግት ብዙ ሳምንት ይቆያል። ይህን የፈለሰፈው በጉን ይዞ ወራት በተራራ ላይ የሚከርመው የሰርዲኒያ እረኛ፣ ይልቁንም የእረኛው ሚስት ናት። ነገሩ ስንቅ ነው። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ለምን እንደተሠሩ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንዲያውም ካራሳውን በሙቅ መረቅ አርሰው፣ ቲማቲም ስልስና አይብ ጨምረው፣ እንቁላል ጣል ያደርጉበትና «ፓኔ ፍራታው» ይሉታል። የድርቆሽ ፍርፍር የባሕር ማዶ ዘመድ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ከቂጣው ጋር የበግ ወተት አይብ ይመጣል። በኛ ደጋ በግ ለሥጋው እንጂ ለወተቱ አይፈለግም፤ ሰርዲኒያ ግን የምትኖረው በበግ ወተት ነው። (ትል ያለበት አይብም አላቸው፣ ትሉ እየተንቀሳቀሰ ይበላል። መሸጡ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ አያስቡ፤ በድንገት አይቀርብልዎትም።) አርብ ወይም ረቡዕ የደረሰበት ሰው «ፋይኔ» ይጠይቅ። በሳሳሪና በፖርቶ ቶሬስ ከተሞች የሚጋገር፣ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃና ከዘይት ብቻ የሚሠራ ቂጣ ነው። የጄኖቫ መርከበኞች ያመጡት ነው ይባላል። ሽሮ የለመደ አፍ ቶሎ ይግባባዋል። ምግቡ ሲያበቃ «ሚርቶ» የሚባል ጥቁር ቀይ መጠጥ በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል። የሚጠመቀው ከአንድ ቁጥቋጦ ፍሬ ነው፤ ቅጠሉን አሸት አድርገው ቢያሸቱት እናቶቻችን ለራስ ቅቤ የሚጨምሩት አደስ መሆኑን አፍንጫዎ ይነግርዎታል። ያው ተክል ነው። እኛ ለጠጉር አደረግነው፣ እነሱ ለጉሮሮ።

የስቲንቲኖ ሰዎች የራሳችን የሚሉት ምግብ ግን ኦክቶፐስ ነው። ቀቅለው፣ ቆራርጠው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በኮምጣጤ ስልስ ውስጥ ነክረው ቀዝቀዝ ሲል ያቀርቡታል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የማይበላ ወገን ይለፈው፤ ታሪኩን ግን ማለፍ የለበትም። የስቲንቲኖ ሰዎች የስቲንቲኖ ሰዎች አልነበሩም። የአሲናራ ሰዎች ነበሩ። እስከ 1885 ድረስ በደሴቷ ላይ አምስት መቶ የሚሆኑ እረኞችና ከሊጉሪያ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። በዚያ ዓመት የጣሊያን መንግሥት ደሴቷን ለሁለት ጉዳይ ፈለጋት። አንደኛው ከባሕር የሚመጣ በሽተኛ ተለይቶ የሚቆይበት ማቆያ፣ ሁለተኛው እስረኛ እያረሰ የሚቀጣበት የእርሻ ወህኒ። ነዋሪው እንዲለቅ ተነገረው። ማዶ ተሻግረው ከዜሮ የቆረቆሯት መንደር ናት ዛሬ ጎብኚ የሚሳፈርባት። ስለዚህ በጀልባው ላይ መሪውን የያዘው ሰው የአያቱ አባት የተባረረበትን መሬት እያስጎበኘ ሊሆን ይችላል።

ከምሳ በኋላ ጂፑ ወደ ሰሜን ያመራል። መንገዱ አንድ ነው፤ ግራና ቀኙ ባሕር የሚታይበት ጠባብ ቦታ አለ። እሱን ካለፉ በኋላ የሚመጣው ካላ ሬያሌ ነው። የድሮው የበሽተኛ ማቆያ እዚህ ነበር፤ ሕንፃዎቹ አሁንም ቆመዋል። ከዚያ አቅራቢያ ብዙው ጎብኚ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ወርዶ የሚመለስበት የዐፅም ማኖሪያ አለ። መስታወቱን ተጠግቶ ያየ ሰው የራስ ቅል በራስ ቅል ላይ ተደርድሮ ያገኛል። ከሰባት ሺህ ያላነሰ ሰው ነው።

እነዚህ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ወታደሮች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰርቦች ማረኳቸው፤ በ1915 መጨረሻ የሰርብ ጦር ራሱ ተሸንፎ በአልባኒያ በረዶ ውስጥ ሲሸሽ ምርኮኞቹን እየነዳ ሄደ። ጣሊያን ከባሕሩ ዳር ተቀብላ በመርከብ ወደ አሲናራ አጓጓዘቻቸው፤ ወደ 24 ሺህ ይሆናሉ። ኮሌራው ገና በመርከብ ላይ ሳሉ ገብቶባቸው ነበር። ለጥቂት መቶ ሰው የተሠራች ደሴት ውኃውም፣ ዳቦውም፣ ጣራውም ሊበቃቸው አልቻለም። በሕይወት የቆዩት ሃንጋሪዎች የሠሯት ትንሽ ጸሎት ቤት እስከ ዛሬ አለች። ዐፅሙን ሰብስቦ ማኖሪያውን የሠራው የኦስትሪያ መንግሥት ነው፤ የተሠራበት ዓመት 1936።

ዓመቱን ልብ ይበሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። የአንድ አገር ሙታን በክብር በተሰበሰቡ በዓመቱ የሌላ አገር ሕያዋን ወደዚያው ደሴት ተጫኑ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰውን እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል። ያልተገደለው ደግሞ ታጎረ። እስረኛው ሁሉ ግን ወደ አንድ ቦታ አልሄደም። ብዙው ሕዝብ የተላከው በሶማሊያ በረሃ ወዳለው ደናኔና በቀይ ባሕር ዳህላክ ደሴቶች ወዳለችው ኖኩራ ነው፤ በረሃብ፣ በጨዋማ ውኃና በበሽታ የረገፈውም እዚያ ነው። ስም ያለው፣ ወገን ያለው፣ ነገ ሊያምጽ ይችላል ተብሎ የተጠረጠረው መኳንንትና የተማረው ክፍል ደግሞ ወደ ጣሊያን ተጫነ። ዋናው ማረፊያ አሲናራ ነበረች።

በኛ አገር ነገሥታት የሚፈሩትን ዘመድ የሚያስቀምጡት አምባ ላይ ነበር። ግሸን አለ፤ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ አለ፤ «ወህኒ ቤት» የምንለውም ከዚያ አምባ ስም ነው ይባላል። ደሴት ግን በደገኛው አእምሮ ሌላ ነገር ነው። የጣና ደሴት መነኩሴ የሚኖርበት፣ ታቦት የሚሸሸግበት፣ የነገሥታት ዐፅም የሚያርፍበት ነው እንጂ የሚታሰሩበት አይደለም። ሮማውያን ዘንድ ነገሩ ተቃራኒ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ዩሊያ የተባለች ልጁን ከክርስቶስ ልደት 2 ዓመት በፊት ዛሬ ቬንቶቴኔ ወደምትባለው ደሴት አጋዛት። ሙሶሊኒም የአባቶቹን መንገድ ተከትሎ ተቃዋሚዎቹን በነዚያው ደሴቶች በተናቸው። ባሕር አይቶ ለማያውቅ የሸዋ ባላባት ዙሪያው ሁሉ ውኃ የሆነ ወህኒ ምን ይመስለው ነበር? አምባ ላይ የታሰረ ሰው ቢያንስ ከሩቅ አገሩን ያያል።

አሲናራ ከገቡት ሁሉ የታወቁት የአፄ ኃይለ ሥላሴ የበኩር ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ናቸው። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በደቡብ ሲዋጉ ተይዘው በዚያው በየካቲት ተገደሉ። ልዕልቲቱ ከነልጆቻቸው ወደ ደሴቷ ተወሰዱ።

የከንቲባ ገብሩ ደስታ ቤተሰብም እዚያ ነበር። ከልጆቻቸው ሁለቱን አንባቢ ያውቃቸዋል። አንዷ ስንዱ ገብሩ ናቸው፤ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ ደራሲ፣ በ1957 ደግሞ በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ የሆኑት። ሁለተኛዋ ታናሽ እህታቸው የውብዳር ናት፤ ያኔ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። ሁለቱም ስዊዘርላንድ ተምረው ነበርና አውሮፓ አዲስ አልሆነባቸውም፤ አዲሱ ነገር እስረኛ ሆኖ መግባት ነው። ቤተሰቡ ከአሲናራ በኋላ ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ ተዛወረ። የውብዳር ካደገች በኋላ ካይሮ ሄዳ ሙዚቃ አጠናች፤ ከዚያ ሁሉን ትታ መነኮሰች፤ ዛሬ ዓለም በፒያኖዋ የሚያውቃት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናት። መጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመቷ አረፈች። የመነኮሰችውና አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግሯ የኖረችው የት ነው? ግሸን ማርያም። ልጅ ሳለች በጠላት ፈቃድ ደሴት ላይ የታሰረች ሰው፣ አድጋ በራሷ ፈቃድ የነገሥታት ልጆች እስር ቤት የነበረ አምባ ላይ ወጣች።

ራስ እምሩ አሲናራ አልነበሩም። በ1936 መጨረሻ በከፋ በኩል ከተያዙ በኋላ የታሰሩት ከሮም በስተደቡብ ባለችው በፖንዛ ደሴት ነው። እሷም ዛሬ በጀልባና በዓሣ ምሳ የምትጎበኝ ናት። በሐምሌ 1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ የራሱ ንጉሥ አሳስሮ ወደዚያችው ፖንዛ ላከው፤ ያስቀመጡትም ራስ እምሩ በነበሩበት ቤት ነው። ስድሳኛ ዓመት ልደቱ የዋለው እዚያ በደረሰ በማግሥቱ ነበር። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ወደ ላ ማዳሌና ወሰዱት፤ ላ ማዳሌና ደግሞ የሰርዲኒያ ሌላ ደሴት ናት። የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ነው። ልቦለድ ቢሆን ኖሮ ደራሲውን «አበዛኸው» እንለው ነበር።

ከአሲናራ ሰዎች አብዛኞቹ በ1938ና በ1939 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ግራዚያኒ ተነስቶ የአዎስታው መስፍን በእንደራሴነት ሲመጣ መኳንንቱን በማባበል መግዛት ይሻላል የሚል ፖሊሲ ስለመጣ ነው። እዚህ ላይ ነው የኛ ትዝታ የሚሰናከለው። ከነፃነት በኋላ ሰው የሚመዘነው በሦስት ሚዛን ነበር። አርበኛ ነህ? ስደተኛ ነህ? ወይስ ባንዳ? አርበኛና ስደተኛ በሹመትና በመሬት ሲናቆሩ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ባንዳውም በመሐል ሾልኮ የድርሻውን ያገኘበት ጊዜ ነበር። ግዞተኛው ግን በየትኛው ሚዛን ይቀመጥ? ጫካ አልገባም፣ ተይዞ ነበርና። ለንደን ወይም ኢየሩሳሌም አልተሰደደም። ጠላት ራሱ ስለመለሰው ደግሞ በጥርጣሬ ሊታይ ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ አሲናራ ከየካቲት 12 ታሪካችን ጎላ ብሎ ያልወጣው ጣሊያኖች ስለደበቁት ብቻ አይደለም፤ እኛም የምናስቀምጥበት መደርደሪያ ስላላዘጋጀንለት ነው። ለገዳዩ ግጥም አለን፣ ለሟቹ ሐውልት አለን። ዝም ብሎ ባሕር እያየ ለተቀመጠው ሰው ምን አለን?

የግል አስጎብኚ መያዝ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው። በሰላሳ ሰው ጂፕ ውስጥ ያለ ሰው በሰላሳ ሰው ፍላጎት ይነዳል፤ ሃያ ዘጠኙ የቶቶ ሪናን ክፍል ሊያዩ ከመጡ ካላ ሬያሌ ላይ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ቁሙልኝ ማለት አይቻልም። ለብቻው የያዘ ሰው ግን ቀኑ የራሱ ነው። ፎርኔሊን ቶሎ ይጨርስና፣ ምሳውን ሳይቸኩል ይብላና፣ የቀረውን ከሰዓት ለካላ ሬያሌ ይስጥ። ሲመዘገብ አስቀድሞ ይናገር፤ «በ1937 የመጡት ኢትዮጵያውያን የነበሩበትን አሳየኝ» ይበል። ጥያቄውን በጉብኝቱ ቀን እዚያ ላይ ከመወርወር ከሳምንት በፊት መላክ ይሻላል፤ አስጎብኚም እንደ ማንኛውም ሰው የሚያዘጋጀው የሚጠየቀውን ነው። ልጆች ካሉ ስለ እማሆይና ስለ ስንዱ በመንገድ ላይ ይነገራቸው። አህዮቹን ማየትም አይከለከሉ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት እስረኛም አህያ ስታይ ሳትስቅ አልቀረችም ብዬ አስባለሁ።

ለሚመለስ ሰው ከፖርቶ ቶሬስ ወደ ጄኖቫ የሌሊት መርከብ አለ። ከጄኖቫ ቱሪን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ልዕልት ሮማነወርቅ ከአሲናራ በኋላ ወደዚያ ተዛውረው በ1940 አርፈዋል፤ ነፃነቱን አላዩም። የተቀበሩትም እዚያው ቱሪን፣ በከተማው ትልቁ መካነ መቃብር ነው።